ከዚያስ በኋላ?

የልደትን በዓል ለማክበር ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ዓይኑም ልቡም የሚያርፈው በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነው። ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ማየት ስንት ገደልና ዳገት አቋርጦ የመጣውን ምእመን ድካሙን ሁሉ ያስረሳዋል። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ ይህንን አይተን ረክተናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ያሰብነው ግን ስለ በዓሉ አይደለም፤ ከበዓሉ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የደጋ መስክ ላይ ስላየነው የትግል ግጥሚያና ከዚያ ስለ ተነሣው ክርክር ነው።

ላስታ ደልዳላ ሜዳ የሚቸግርበት አገር ነው። ላሊበላ ራሷ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት መካከል ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት ሥፍራ ሲገኝ ተከብሮ ይኖራል። በዘወትር ቀን ከብት ይሰማራበታል፤ በገና ሰሞን ወጣቶች ዱላቸውን ይዘው ጥንግ ይመቱበታል፤ ጥንጉ ሲሰለች ደግሞ ትግል ይያዛል።

የእረኛ ትግል ሕጉ አጭር ነው። ሁለቱ ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን እግር ጠልፎ ወይም አንሥቶ ይጥለዋል፤ ጀርባው መሬት የነካ ወደቀ ይባላል። ቂም መያዝ ነውር ነው። እኛ በደረስንበት ቀን የላይኛውና የታችኛው አጥቢያ ጐረምሶች ተሰልፈው ቆመዋል። ከላይኞቹ በኩል ባለፉት በዓላት ሁሉ ማንም ጥሎት የማያውቅ አንድ ትከሻ ሰፊ ወጣት ነበር። የመጀመሪያውን ባላጋራ ጣለ። ሁለተኛውንም ጣለ፤ ነገር ግን አብሮ ሲወድቅ ቀኝ ጉልበቱ ከሥሩ ታጠፈበትና ለመነሣት ሲሞክር ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስተኛው ባላጋራ፣ የታችኞቹ ጀግና፣ ገና ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ወዲያውኑ ወጌሻ ተጠራ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ጉልበቱን በጣታቸው ደባበሱት፤ ቅቤ አስመጥተው አሹት፤ ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ። የላይኛው አጥቢያ ልጆች ግን ጀግናቸው ከሜዳ ሲወጣ ማየት አልፈለጉም።

«አባባ፣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩለትና ይግባ!» አለ ከመካከላቸው አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። «ሻምበል አበበ ሆዱን ተቀዶ ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለም ወይ?»

«አሸንፏል ልጄ፤» አሉ ወጌሻው። «ቁስሉ ድኖለት ነበር ወይስ አልዳነም?»

ተማሪው ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ ጣልቃ ገብቶ በጃፓን አገር የትግል አለቃ የነበረ ሰው ጉልበቱ ተጎድቶ ሳለ ወደ ትግሉ ገብቶ ባላጋራውን እንደ ጣለ፣ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትርም በአደባባይ እንዳመሰገኑት ተናገረ፤ ፊልሙንም በእጅ ስልኩ አይቶታል። ሰው ሁሉ ተገርሞ አዳመጠ። ሽማግሌው ብቻ እጃቸውን ከልጁ ጉልበት ላይ ሳያነሡ፣

«ከዚያስ በኋላ?» ሲሉ ጠየቁት።

አስተማሪው ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም ነበር። እኛም በዚያች ሰዓት ልንረዳው አልቻልንም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ከላስታ እስክንወርድ ከጆሯችን አልጠፋምና መልሱን ስንፈልግ ሰነበትን። ያገኘነውን እነሆ።

አስተማሪው የተናገረው ስለ ሱሞ ነው። ሱሞ የጃፓን ጥንታዊ ትግል ሲሆን ታጋዮቹ ትግልን ሙያቸው አድርገው የሚኖሩ ናቸው። ሕጉ ከላስታው እረኛ ሕግ ብዙም አይርቅም፤ ዲያሜትሩ 4 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር በሆነ የአፈር ክብ ውስጥ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ከክቡ የወጣ ወይም ከእግሩ መዳፍ በቀር ሌላ አካሉ መሬት የነካ ተሸነፈ ይባላል። በዓመት 6 ታላላቅ ውድድሮች ይደረጋሉ፤ እያንዳንዱም 15 ቀን ይፈጃል። ከሁሉ በላይ ያለው ማዕረግ ዮኮዙና ይባላል። ሌላው ታጋይ ሲሸነፍ ማዕረጉ ዝቅ ይላል፤ ዮኮዙና ግን አይሻርም። ማሸነፍ ያቃተው ዮኮዙና ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከትግል ዓለም መሰናበት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ማዕረግ የተሸከመ ሰው ሲታመም ለመተኛት ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢያችን ሊገምተው ይችላል።

ታካኖሃና ከዮኮዙናዎች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነበር። በግንቦት ወር 1993 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ውድድር 13 ቀን በተከታታይ አሸነፈ። በ14ኛው ቀን በሙሶያማ ሲሸነፍ ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። በማግሥቱ ግንቦት 19 ቀን ሌላውን ዮኮዙና ሙሳሺማሩን ሊገጥም ወጣ፤ ግጥሚያው እንደ ተጀመረ ወዲያው ተሸነፈ። በዚህም ሁለቱ እኩል 13 ድልና 2 ሽንፈት ሆነላቸውና ዋንጫውን ለመለየት እንደ ገና እንዲገጥሙ ሆነ። በዚህ በመጨረሻው ትግል ታካኖሃና በዚያ በተጎዳ ጉልበቱ ቆሞ ሙሳሺማሩን ከላይ በያዘው ክንዱ ጠምዝዞ ጣለው። ፊቱ በሕመምና በእልህ ተለውጦ እንደ ነበር በፊልሙ ላይ ይታያል። ሥልጣን ከያዙ ገና አንድ ወር የሆናቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ዋንጫውን ሲሰጡት፣ «ሕመሙን ችለህ በሚገባ ተጋደልህ! ልቤ ተነክቷል!» ሲሉ ጮኹ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

አስተማሪው ያየው ፊልም እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያስ በኋላ?

ታካኖሃና በዚያው ክረምት በፈረንሳይ አገር ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዚያ ቀጥለው የተደረጉት 7 ውድድሮች ያለ እርሱ አለፉ፤ ይህም ከአንድ ዓመት በላይ ነው። በመስከረም 1995 ዓ.ም. ተመልሶ ከ15 ግጥሚያዎች 12ቱን ቢያሸንፍም በመጨረሻው ቀን የጣለው ያው ሙሳሺማሩ ነበር። በጥር ወር 1995 ዓ.ም. በ30 ዓመት ዕድሜው ከትግል ተሰናበተ። ያ የተጨበጨበለት ዋንጫ 22ኛውና የመጨረሻው ሆኖ ቀረ።

ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ቢቀር አጋጣሚ ነው በተባለ ነበር። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ኪሴኖሳቶ የተባለው ዮኮዙና በውድድሩ በ13ኛው ቀን ግራ ትከሻውና ደረቱ ተጎድቶ ሳለ አልወጣም ብሎ በ15ኛው ቀን ተከታታይ ሁለት ትግል አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሕዝቡም ስለ እርሱ አለቀሰ። እርሱም ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ኃይሉ ሳይመለስ በጥር 2011 ዓ.ም. ተሰናበተ።

በጃፓን ከሱሞ ሌላ ለትርኢት የሚደረግ የሙያ ትግልም አለ። ከየካቲት 1946 ዓ.ም. ጀምሮ ሪኪዶዛን የተባለው ታጋይ ከውጭ አገር ታጋዮች ጋር ሲገጥም ሕዝቡ በየአደባባዩ በቆሙ ቴሌቪዥኖች ሥር እየተሰበሰበ ያይ ነበርና ይህ ዓይነት ትግል በዚያ አገር ሥር ሰደደ። በዚህ ትግል አሸናፊው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ እንደሚወሰን ይታወቃል፤ አወዳደቁ ግን የውሸት አይደለም፤ አንገትና ወገብ በእውነት ይጎዳሉ። ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ብዙ ጊዜ የሻምፒዮንነትን ቀበቶ የታጠቀ፣ በኋላም የራሱን የትግል ማኅበር አቋቁሞ የሚመራ ሰው ነበር። አንገቱን ለብዙ ጊዜ ታሞ ሳለ፣ ማኅበሩ የተመሠረተው በእርሱ ስም ላይ ስለሆነ ከመድረኩ አልወረደም። ሰኔ 6 ቀን 2001 ዓ.ም. በሂሮሺማ ከተማ ባላጋራው ወደ ኋላ አንሥቶ ሲጥለው አንገቱ ውስጥ ያለው የአከርካሪ ነርቭ ተጎዳና በዚያው ምሽት ሞተ። ዕድሜው 46 ዓመት ነበር። የጣለው ሰው ያደረገው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደረግ የኖረውን ተራ አጣጣል ነው፤ ሆኖም የዚያን ሌሊት ኀዘን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል። የታመመ ሰው ወደ ሜዳ ሲገባ አደጋው የራሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ባላጋራውንም ያለ ጥፋቱ ባለ ዕዳ እንደሚያደርገው ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ተማሪው ክርክር እንመለስ። ሻምበል አበበ ቢቂላስ?

ተማሪው የተናገረው እውነት ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ሊደረግ 5 ሳምንት ያህል ሲቀረው ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ሌሊት ሌሊት በግቢው ውስጥ ዱብ ዱብ እያለ ይለማመድ እንደ ነበር ይተረካል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጎዳና ላይ ግን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። አገሩን ሁሉ ጥሎ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሴኮንድ ፈጽሞ በዓለም ከዚያ በፊት ያልታየ ውጤት አስመዘገበ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ሁለተኛው ሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ እስኪደርስ ድረስ አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ይህ ከታካኖሃና ታሪክ በምን ይለያል? እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ ሽማግሌው በጠየቁት ነገር ላይ ነው። የአበበን ሆድ ያሳመመው ነገር በሐኪም እጅ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቁስሉም 5 ሳምንት አግኝቶ ተዘግቷል፤ የሚሮጥባቸው እግሮች ደኅና ነበሩ። አጠገቡም የሚያውቀውና የሚያምነው አሠልጣኝ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነበር። አበበ ሕመሙን ይዞ አልሮጠም ማለት ይቻላል፤ ከሕመሙ በኋላ ነው የሮጠው። ታካኖሃና ግን የተጎዳ ጉልበቱን በማግሥቱ ያንኑ ጉልበት በሚፈልግ ሥራ ላይ አዋለው።

በቶኪዮው ማራቶን ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። እርሱም እንደ አበበ ወታደር ነው። ወደ ስታዲየሙ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ ነበር፤ የአገሩ ሕዝብ ዓይኑ እያየ እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ በመጨረሻው ዙር አለፈው። ጹቡራያ ይህን እንደ ራሱ ዕዳ ቆጠረው፤ በሜክሲኮ ክሶ ለመመለስም ተነሣ። ነገር ግን ወገቡ ታመመ፤ ቀዶ ጥገናም ተደረገለት፤ እግሩ እንደ ፊቱ አልታዘዝ አለ። እንዲያርፍ የሚፈቅድለት ሳይሆን ተስፋ የሚጠብቅበት ሰው በዛ። በ1960 ዓ.ም.፣ ሜክሲኮ 9 ወር ሲቀራት፣ ለወላጆቹ ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ የራሱን ሕይወት አጠፋ። 27 ዓመቱ ነበር። ይህ ኀዘን የጃፓን ብቻ አይደለም፤ ወጣትን በጭብጨባ ወደ ላይ አውጥቶ መውረጃ የሚከለክል ሕዝብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

የሜክሲኮ ማራቶን የተደረገው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ 1 ቁጥርን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተሰለፈ። ዓለም ሁሉ ሦስተኛውን ወርቅ ይጠብቅ ነበር። ይሁን እንጂ ግራ እግሩ ተጎድቶ ነበር፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ለጓዱ ለማሞ ወልዴ እርሱ እንደማይጨርስ፣ አደራውን ማሞ እንዲወጣ እንደ ነገረው ይተረካል። ማሞ አደራውን ተቀብሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ነጥብ 4 ሴኮንድ አንደኛ ገባ። ከእርሱ ቀጥሎ የገባውም የጹቡራያ ወዳጅ የነበረው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የሮማንና የቶኪዮን ድል ስንተርክ ሜክሲኮን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፋታለን። የላስታው ተማሪም ቶኪዮን እንጂ ሜክሲኮን አልጠቀሰም። ነገሩን ስናስበው ግን ያን ቀን መቆም ከመሮጥ ይልቅ ይከብድ ነበር። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ ስሙ ከአገሩ ስም ጋር የሚጠራ ሰው በመንገድ ዳር በቆመ ሕዝብ ፊት «አልቻልሁም» ማለቱ ቀላል አይደለም። አበበ እልህ አንቆት ቢቀጥል ኖሮ የተሰነጠቀው አጥንት ሊሰበር ይችል ነበር፤ ማሞም ወደ ፊት መሮጡን ትቶ መሪውን ዞሮ ዞሮ ሲያይ ጊዜው ሊያልፍበት ይችል ነበር። አበበ የራሱን ወርቅ ተወ፤ የኢትዮጵያን ወርቅ ግን አልተወም።

ከዚያስ በኋላ? የአበበም ታሪክ በዚህ አላበቃም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ተጎድቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። ሰውየው በዚህም ጊዜ የቀረውን አካሉን መርምሮ የሚችለውን ያዘ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ከአካል ጉዳተኞች ጋር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ ተቀምጦ በሚነዳ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የሁለት ወርቅ ባለቤት ብቻ ሳይሆን፣ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ የኖረ ሰው ስም ትቶ አለፈ።

ይህን ሁሉ ያተትነው ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለምናውቅ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ ነገ የትምህርት ቤት ቡድን መሪ፣ አንዳንዱ የወረዳ ስፖርት ኃላፊ፣ አንዳንዱም ዳኛ ይሆናል። ጉልበቱ የተጣመመ ልጅ፣ «ልግባ» ብሎ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ዋንጫው በጠረጴዛው ላይ ይኖራል፤ ተመልካቹ ስሙን እየጠራ ይጮሃል፤ የበላይ ሹምም ምናልባት ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ይመርጣል ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በጭብጨባ መካከል የቆመ ወጣት የሚመርጠው ጭብጨባውን ነውና። ጥቂት ሰዎች አስቀድመው ሊያስቡለት ይገባል፤ ሕመሙ ምንድን ነው? ሐኪም አይቶታል ወይ? የሚጎዳው አካል ለጨዋታው የሚፈለገው ያው አካል ነው ወይ? ነገስ ምን ይሆናል?

የላስታ ሽማግሎች ይህን ለመጠየቅ ኮሚቴ አላቋቋሙም። ወጌሻው እጃቸውን ከጉልበቱ ላይ አንሥተው፣ «ይህ እግር ለክረምት እርሻ ይፈለጋል፤ ዛሬ ከገባ ግን በክረምት አያርስም» አሉ። የላይኞቹ ልጆች አጉረመረሙ። በዚህ ጊዜ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው የታችኞቹ ጀግና ወደ መሐል መጣና አንካሳ ጥሎ ጣልሁ ማለት ለእርሱም ቢሆን ስም እንደማይሆነው ተናገረ። ሽማግሎቹ ተመካከሩ፤ ፍርዱም አጭር ነበር፤ ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልጣለም፤ ግጥሚያው ለፋሲካ ይደር።

ከዚያም የታችኞቹ ጀግና ጎንበስ ብሎ ባላጋራውን በብብቱ ደግፎ አስነሣው። ሁለቱ ተያይዘው ከሜዳው ሲወጡ፣ ከሩቅ ላያቸው ሰው ትግሉ ገና የቀጠለ ይመስለው ነበር።